ሦስት ጨዋታ ሲቀረን

እሁድ፣ ግንቦት 22 ቀን 2013

ይህን ደብተር የገዛሁት የሥራ ማመልከቻ ላረቅበት ነበር። የፊተኞቹ አራት ገጾች ማመልከቻ ናቸው። መልስ የሰጠኝ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩ የጄፒ ከነማ ይሁን፤ ቡድኑ ቢያንስ በየእሁዱ መልስ ይሰጠኛል።

የዛሬው መልስ ሦስት ለዜሮ። በትሮይቪል ልጆች ተሸነፍን፤ ያውም ከእረፍት በኋላ በአሥር ሰው እየተጫወቱ።

ስታትስቲክስ የተማርኩት ለዚህ ይመስል ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ። የጆበርግ ሐበሾች ሊግ፦ ስምንት ቡድን፣ አሥራ አራት ጨዋታ። አሥራ አንዱን ጨርሰናል። በስምንት ነጥብ ስምንተኛ ነን። ከኛ በላይ ያለው የፎርድስበርግ ቡድን አሥር ነጥብ አለው። የመጨረሻው ይወርዳል። ከታች ደግሞ ሌላ ሊግ የለም፤ መውረድ ማለት ሜዳውን ለቅቆ ቤት መግባት ነው። የፕሪቶሪያ ልጆች ማልያ አሰፍተው ቦታችንን እየጠበቁ ነው አሉ። የጄፒ ጎዳና ነጋዴዎች ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ያቋቋሙት፣ ሙስሊሙም ጴንጤውም አንድ ማልያ የሚለብስበት ቡድን ሦስት ጨዋታ ቀርቶታል።

ያለን ሰው ይሄ ነው። በረኛ ጁነይድ፦ እጁ ጥሩ ነው፤ ኮሮና ከያዘው ወዲህ ግን ዘሎ ሲወርድ ደረቱን ይይዛል። ተከላካይ ተማም፦ አምበላችን፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ የብርድ ልብስ ጅምላ ሻጭ። ፍጥነት የለውም፣ አፍ አለው፤ አጥቂውን በወሬ ነው የሚያቆመው። ግራ መስመር ሀቢሶ፦ ግራ እግሩ ለመራመጃ ብቻ ነው። ለምን እዚያ እንደሚያሰልፈው አሠልጣኙን ጋሽ ማናሴን ብጠይቀው «እዚያ ጋ ሲሆን ከኔ ይርቃል፤ ስሰድበው አይሰማኝም» አለኝ። ታክቲካችን ይሄ ነው። ጋሽ ማናሴ የአክስቴ የበለጥሽ ባል ስለሆነ፣ የምበላውም እንጀራ የሱ ስለሆነ ብዙ አልተከራከርኩም።

አጥቂ ዱካሞ። ተጫዋች እሱ ብቻ ነው። ካገባናቸው አሥራ ሁለት ጎሎች ዘጠኙ የሱ ናቸው። ከከተማ ውጭ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ስድስት ቀን ከፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ፓራፊን ይሸጣል፣ በሰባተኛው በሁለት ታክሲ መጥቶ ይጫወትልናል። ባለፈው ሳምንት ሌቦች ገብተው ስልኩን ወሰዱበት። ፔፐሩ፣ የስደተኛ ወረቀቱ፣ ጊዜው አልፏል፤ ቢሮው በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ የሚያድስለት ስለሌለ የድሮ ቁጥሩን ማውጣት አልቻለም። «እኔን ስላልነኩኝ ተመስገን» ይላል። እግሩን ስላልነኩት ተመስገን አልኩ እኔም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 25

ከአክስቴ ሱቅ፣ ቆሜ። መጋረጃ የሚለኩ ሴትዮዎች አላፈናፈኑኝም።

ከጎን ካለው ሱቅ አንዱ ሲል ሰማሁ፦ «ጄፒ ከነማ ገና አልተቀበረም እንዴ?» ሌላው፦ «ሬሳው እሁድ እሁድ ይወጣል።» ሳቁ። ሰማኋችሁ አላልኩም። ሁለት ካሸነፍን ግን እነግራቸዋለሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 29

አሸነፍን!!! ሁለት ለአንድ! ዱካሞ ሁለቱንም! የመጀመሪያው በቴስታ፣ ሁለተኛው ከመሐል ሜዳ ይዞ ሄዶ። አሥራ አንድ ነጥብ። ፎርድስበርግም ስላሸነፈ አሥራ ሦስት ገባ፤ ግን የመጨረሻ ጨዋታችን ከነሱ ጋር ነው። ሠርቼዋለሁ፦ የሚቀጥለውን አቻ ወጥተን እነሱ ከተሸነፉ፣ ከዚያ እነሱን ካሸነፍን እንተርፋለን። ዱካሞ እስካለ። ዱካሞ ከሌለስ? ያለሱ የተጫወትናቸውን ሦስት ጨዋታዎች አየሁ፤ አንድም ጎል የለም። ለናሙና ትንሽ ነው፤ ለልብ ግን ይበቃል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 2

ታምሩ ጻፈልኝ። ታምሩ የዱካሞ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን። ዱካሞን ወደ ቡድኑ ያመጣሁትም በሱ በኩል ነው።

«ፊቤ ሰላም ነሽ? የዱካሞ ስልክ አይሠራም። እማዬ ታማለች፤ ጉበቷ ነው። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ብለውናል። ስሙን እየጠራች ነው። ንገሪውና ይደውልላት።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይማራት» አልኩት።

እሁድ ጨዋታ አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 3

ለአክስቴ ነገርኳት። ብርድ ልብስ እያጣጠፈች «እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አገር ሰው አይነገርም» አለች። «አጠገቧ ሳይኖር ምን ያደርጋል? እዚያ ሎኬሽን ውስጥ ብቻውን ሌባ ይጠብቅ ወይስ ያልቅስ? ትንሽ ይሻላታል፤ ያኔ እንነግረዋለን።»

«ካልተሻላትስ እትዬ?»

«ያኔ ደግሞ በወጉ ይነገራል፤ በሽማግሌ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ መርዶ ነጋሪ አትሁኚ።»

ጋሽ ማናሴ ከመጋዘን ወጥቶ ሰማ። ጢሙን አሻሸ። «ቢያንስ እሁድ ይለፍ» አለ።

አክስቴ አዋቂ ናት። ሃያ ዓመት እዚህ ኖራለች፤ የስንቱን መርዶ ይዛለች። ደንቡ ደንብ ነው። እኔ ያወጣሁት አይደለም። ይህን የምጽፈው ቀለል ስላለኝ ነው።

እሁድ፣ ሰኔ 6

አንድ ለአንድ። አቻ። ፎርድስበርግ ተሸነፈ! አሥራ ሁለት እኛ፣ አሥራ ሦስት እነሱ። ልክ እንዳሰላሁት! ተማም «ይቺ ልጅ ጠንቋይ ናት ወይስ ምሁር?» እያለ ሲዞር ነበር። ጁነይድ ከእረፍት በኋላ መቆም አቃተው፤ ሀቢሶ በረኛ ሆነ። ተመስገን፣ ቢያንስ ግራ መስመር አልቆመም።

ጎሉ የዱካሞ ነው። ሲያበቃ እያለከለከ መጣ፣ ማስኩ አገጩ ላይ።

«ፊቤዬ፣ የታምሩን ቁጥር ስጪኝ። በጎረቤቴ ስልክ እደውላለሁ። እናቴ ድምፄን ሳትሰማ ይህን ያህል ቆይታ አታውቅም።»

ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም፤ በሎድሼዲንጉ፣ በመብራት ፈረቃው ምክንያት። እንደዚያ ነው ያልኩት።

«በቃ እሁድ በወረቀት ጽፈሽ አምጪልኝ። ቤት ግን ደህና ናቸው አይደል? ታምሩ አልጻፈልሽም?»

«ደህና ናቸው» አልኩት።

የሳምንቱ እቅድ፦ ጁነይድ ካልዳነ በረኛው ማን ይሁን? ሀቢሶ ካልኩ ግራው ባዶ ይሆናል። ባዶ መሆኑ ይሻል ይሆን? ለጋሽ ማናሴ ሦስት አማራጭ ሠርቼ ሰጥቼዋለሁ። በሦስቱም ዱካሞ ፊት ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

ትናንት ማታ አዲስ ገደብ ታወጀ። የሊጉ ኮሚቴ ያለ ተመልካች ተጫወቱ አለ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ተመልካች አይደለሁም፤ እገባለሁ። ፎቃችን ላይ ሁለት ቤት በኮሮና ተዘግቷል። አምቡላንስ ቀኑን ሙሉ። አክስቴ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያፈላች ታጠጣናለች፤ ደንበኛ ስንቀርብ ይሸሸናል።

አርብ፣ ሰኔ 11

ታምሩ፦ «ነገርሽው?»

ሱቅ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያናግሩኛል። «አዎ፣ ይደውላል» ብዬ ላኩለት።

ወዲያው፦ «ተመስገን። ነገርኳት። ስልኩን ከትራሷ አጠገብ አስቀምጠንላታል።»

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንዲት ሴትዮ ሦስት ሜትር መጋረጃ ስትጠይቀኝ አምስት ሜትር ቆረጥኩላት። አክስቴ «የት ነው ያለሽው?» አለችኝ።

አንድ ነገር ላርም። እሁድ ዕለት ስልኬ ስድሳ ሁለት በመቶ ቻርጅ ነበረው። ቁጥር ሲሳሳት ስለማልወድ ነው።

ከነገ ወዲያ መጨረሻው ነው። ከጨዋታው በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ደውዬ እሰጠዋለሁ። ለጋሽ ማናሴም ለአክስቴም አልናገርም። ዘጠና ደቂቃ ብቻ ነው።

እሁድ፣ ሰኔ 13

ጨዋታው ተራዘመ። የፎርድስበርግ አምስት ልጆች በኮሮና ተይዘዋል። ለሚቀጥለው እሁድ።

ዱካሞ ስልክ ስለሌለው አልሰማም። በሁለት ታክሲ መጥቶ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ሪጎሬ ሲመታ ቆየ አሉ። የነገረኝ ተማም ነው፤ ብርድ ልብስ ሊያደርስ ሲያልፍ አይቶት።

«አንቺን ነበር የሚጠብቀው። ቁጥር ታመጣለች አለኝ።»

አልሄድኩም። ጨዋታ ከሌለ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?

ለተማም ግን ሰጥቼው መላክ እችል ነበር። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጽፌዋለሁ እኮ። እውነት ጽፌዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 15

ጁነይድ ኦክስጅን ላይ ነው። አልጋ የተገኘለት በስንት ልመና ነው አሉ። ከሰልፍ ዝርዝር አወጣሁት። ስሙ ላይ መስመር ማስመር ስላስጠላኝ ገጹን እንደ አዲስ ገለበጥኩ። አሥራ ሁለት ሰው ቀረን፤ አንዱ ሀምሳ ዓመቱ ነው።

አንዳንዴ ሳስበው ይህ ቡድን የሚያሸንፈው ነገር የለም። ብንተርፍ ምን ልንሆን? የሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ላይ ማን ይኖራል? ሀቢሶ ወደ ኬፕታውን ሊሄድ ነው። ተማም ጉልበቱ አልቋል። እኔስ ምን ቀረኝ? በዲግሪዬ የሠራሁት አንድ ነገር ይህ ሰንጠረዥ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 16

ታምሩ፦ «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ዱካሞ አልደወለም። ምን አድርገነው ነው? እባካችሁ ሽማግሌ ላኩበት።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 17

በሱቁ ጓዳ ተሰበሰብን፤ አክስቴ፣ ጋሽ ማናሴ፣ ተማምና እኔ። ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠን።

«ሰኞ ማለዳ ይሁን» አለች አክስቴ። «ሱቁን ሳይከፍት። ፓስተሩንም ሰኞ ይመቸዋል።»

«ለምን ነገ አይሆንም?» አለ ተማም። «እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፣ ወሬውም አያድርም።»

«ዛሬ ተቀብራለች። አሁን ምን ያስቸኩላል?» አለ ጋሽ ማናሴ። «ልጁ እንደሆነ አይሄድ። ፔፐሩ ሞቷል፣ ከወጣ አይመለስም።»

«ማኔ፣ እሁድን ነው የምታስበው» አለ ተማም።

«እኔ?»

«አንተ።»

«አንተስ አምበል አይደለህም? ያለሱ በስንት እንደምንሸነፍ አታውቅም?»

ተማም ወደ እኔ ዞረ። «ምሁሯስ ምን ትያለሽ?»

ሁሉም አዩኝ። ታምሩ ደግሞ የጻፈው ለኔ ነው።

«ሰኞ» አልኩ።

ተማም ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ። «እኔ እሁድ እጫወታለሁ። ግን አጠገቡ ቆሜ ፊቱን ማየት እንዳታዙኝ» ብሎ ወጣ።

እሁድ፣ ሰኔ 20፣ ጠዋት

ብርድ። ሣሩ ደርቆ ገለባ ሆኗል። ማልያ ቆጠርኩ፣ አሥራ ሁለት። ዱካሞ ቀድሞ ደርሷል፣ ያሟሙቃል። «ቁጥሩስ?» አለኝ ከሩቅ። «ነገ» አልኩት። ውሸት አይደለም። ነገ ነው።

እሁድ፣ ሰኔ 20፣ ማታ

አንድ ለዜሮ። ሰባ አራተኛው ደቂቃ። የማዕዘን ምት፣ ዱካሞ፣ ቴስታ።

እንዴት እንዳገባው መጻፍ እፈልግ ነበር፤ ስንት ሳምንት ሳስበው የነበረ ጎል ነው። ከሁለት ተከላካይ መሐል ወጣ። አየር ላይ የቆመ መሰለኝ። መረቡ ሲነቃነቅ ጮኬያለሁ፤ ድምፄ አሁንም ሻክሯል። ዱካሞ ማልያውን አውልቆ እያሽከረከረ ወደኛ መጣ፣ በአገሩ ጭፈራ ትከሻውን እየመታ። ሀቢሶ ተቀላቀለው። ጋሽ ማናሴ አጨበጨበ። ተማም ብቻ ከመሐል ሜዳ አልተነቃነቀም፤ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፣ የታሰረውን ፈትቶ።

አሥራ አምስት እኛ፣ አሥራ ሦስት እነሱ። ሰባተኛ። ተረፍን።

ሁለት ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ወጡ። ስብሰባ ሁሉ ለአሥራ አራት ቀን ተከልክሏል። ወዲያው የሊጉ ኮሚቴ በግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «የዘንድሮው ውድድር ተሰርዟል። ውጤት አይያዝም። ወራጅ የለም። ጤናችሁን ጠብቁ።»

ወራጅ የለም። ብንሸነፍም የለም። ባንጫወትም የለም።

ጋሽ ማናሴ ስልኩን አየ፣ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። አክስቴ ነጠላዋን ለነገ እየተኮሰች ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 21

በገደቡ ምክንያት ስድስት ሆነን ሄድን። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሳይከፍት እንደርሳለን ብለን ነበር፤ እሱ ግን ለዳቦ ብሎ ቀድሞ ከፍቷል። ሰው ተሰልፏል፤ «ማይ ፍሬንድ፣ ሁለት ብሬድ»፣ «ማይ ፍሬንድ፣ ኤርታይም»።

ከፍርግርጉ ኋላ ሲያየን ፊቱ በራ። «ምነው በጠዋቱ? በጎሉ ደስታ እንቅልፍ አጣችሁ እንዴ?»

ዓይኑ አክስቴ ላይ አረፈ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። የያዘውን ዳቦ ቀስ ብሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ከሰልፉ ፊት የቆመች አንዲት አሮጊት እኛንም እሱንም አየች። «ማይ ፍሬንድ፣ ምን ሆንክ? ማን ሞተ?»

«ማማ» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው።

እኛ ሳንነግረው እሱ ነገራት። አሮጊቷ እጇን በፍርግርጉ አስገብታ ክንዱን ያዘች። ከዚያ ነው አክስቴ የጮኸችው።

ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ፓስተሩ ጸለየ። ዱካሞ እስኪጨርስ ጠበቀ።

«መቼ?»

«ረቡዕ» አለ ጋሽ ማናሴ።

«ቀብሯስ?»

«ሐሙስ።»

በጣቱ ቆጠረ። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ። አራተኛውን ጣት አንስቶ ቆመ።

«ትናንት ጨፍሬያለሁ እኮ» አለ። «ሰው እያየኝ። ጨፍሬያለሁ።»

ተማም ማስኩን ወደ ላይ ጎትቶ ዓይኑ ላይ አደረገው። ጋሽ ማናሴ ስለ ደንቡ የሆነ ነገር መናገር ጀምሮ ተወው። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር፤ በሳሙና ካርቶኖቹ መሐል አንድ ጥግ ላይ የትናንቱ ጫማው፣ አቧራው ሳይራገፍ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 23

ብቻዬን ሄድኩ። ምግብ ይዤ። አክስቴ «ምንም ነገር እንዳትቀባጥሪ» አለችኝ። መንገድ ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር፤ ቁጥሩን፣ ስድሳ ሁለት በመቶውን፣ ታምሩን፣ ሁሉንም።

ዱካሞ ጥቁር አስሯል፤ ዳቦ ይሸጣል። ገና «ዱካሞ» ስል «ደውይልኝ» አለ። «ለታምሩ።»

ደወልኩ። ሲነሳ ሰጠሁት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ የታምሩ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። መጀመሪያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወደ በሩ ልወጣ ተነሳሁ፤ ደንበኛ ቆሞ ስለነበር መንገድ አልነበረም።

ከዚያ ታምሩ መጮህ ጀመረ። «ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አንስታ ስታይ፣ አስቀምጣ ስታይ! ፊቤ ነግሬዋለሁ ብላኛለች። አርብ ቀን ነግሬዋለሁ፣ ይደውላል ብላ ጽፋልኛለች። አንተ ምን ዓይነት ልጅ ነህ?»

ዱካሞ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀ። አየኝ። እንዲህ አድርጎ ሰው አይቶኝ አያውቅም፤ አልተቆጣም፣ አንድ ነገር ቆጥሮ የደረሰበት ሰው ፊት ነበር። አፌን ከፈትኩ። በእጁ ዝም በይ አለኝ።

«አዎ፣ ነግራኛለች» አለ ለወንድሙ።

«ታዲያ?»

«አልቻልኩም። ፈራሁ።»

ታምሩ ምን እንዳለው አልጽፍም። ብዙ አለው። ዱካሞ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠውም። ስልኩን ሲመልስልኝ ሞቆ ነበር።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለኝ። «በሰው አገር ወገኖቹ ደበቁት ብለው ሁለተኛ ከሚያለቅሱ፣ እኔ ጨካኝ ልባል። ለወቀሳም ቅርባቸው እኔ ነኝ።»

«ዱካሞ፣ ለታምሩ እኔው እነግረዋለሁ።»

«ሰው ቆሟል፤ አሳልፊያቸው» አለ፣ ወደ ደንበኞቹ ዞሮ።

ታክሲ ውስጥ ሳለሁ የታምሩ መልእክት ገባ። «ይቅርታ ፊቤ፣ ስጮህ ሰምተሽኛል። አንቺ እንደ እህት አድርገሻል፤ አመሰግንሻለሁ። ድንጋዩ እሱ ነው።»

ታክሲው ሁለት ጊዜ ሰው አውርዶ ሁለት ጊዜ ጫነ።

«እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ሌላ አልጻፍኩም።